ምዕራፍ 6፦ «እምቢ» የሚለው ልጅ የት ይማር?

በጎንደር ቆላ ባለችው ከተማ በአብርሃ ጅራ ለልጅ ትምህርት ቤት ማማረጥ የተለመደ አይደለም። ለቤት የሚቀርበው ይያዛል፤ እሱ ከሞላ ሌላው ይጠየቃል፤ ጎንደር ዘመድ ያለው ደግሞ ልጁን ወደዚያ ይሰዳል። ትምህርት የሚጀመረውም ቤተሰቡ ሁሉ በሌላ ነገር በተወጠረበት ሰሞን ነው። የሰሊጥ አጨዳ ደርሷል፤ ከደጋው የመጣው የቀን ሠራተኛ መንገዱን ሞልቶታል፤ ሰሊጥ ቀኑ ካለፈ ፍሬው ስለሚረግፍ ለሌላ ጉዳይ ጊዜ ያለው ሰው አይገኝም። ለአብዛኛው ልጅ እንዲህ ተቻኩሎ መመዝገብ ጉዳት የለውም። የዚህ ምዕራፍ ልጅ ግን እንዲህ የገባበትን ትምህርት ቤት ብዙ ሳይቆይ ይተወዋል፤ ወይም ይባረራል።

እዚህ ላይ የምከራከርለት ነገር ይህ ነው። ከተማው ውስጥ ያለው ትምህርት ቤት አንድ ብቻ ቢሆን እንኳ የሚመረጥ ነገር አለ። መምህሩ ይመረጣል፤ ፈረቃው ይመረጣል፤ መቀመጫው ይመረጣል፤ ለልጁ የሚቀርለት ደንብም ይመረጣል። እነዚህ ከተስተካከሉ የቆርቆሮ ክዳን ያለው ተራ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለዚህ ልጅ ትክክለኛው ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል። ካልተስተካከሉ የአዲስ አበባው ውድ የግል ትምህርት ቤትም አይሆንም።

አስቀድመን ልጁን እንወቀው። ባለፈው ምዕራፍ ያየናቸው ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ነገር ሁሉ በተለመደው ቦታና ሰዓት ሲሆን ይረጋጋሉ። ይሄኛው ልጅም ኦቲዝም አለበት፤ ድምፅ፣ ብርሃንና ግርግር ያውኩታል፤ ከሰው ጋር መግባባት ያደክመዋል። ከዚህ በላይ ግን ሌላ ነገር አለው። ከውጭ የመጣበትን ማንኛውንም ትዕዛዝና ግዴታ ይሸሻል። እናቱ «ና፣ ጫማህን አድርግ» ስትለው መጀመሪያ ወሬ ይለውጣል። ደግማ ስትጠራው እግሬን አሞኛል ይላል። ሦስተኛ ስትጠራው እኔ ድመት ሆኛለሁ፣ ድመት ደግሞ ጫማ አታደርግም ይላል። ከገፋችበት ይጮኻል፣ ይማታል፣ ወይም አልጋ ሥር ገብቶ አልወጣም ይላል። ግራ የሚያጋባው የሚወደውንም ነገር በዚያው መንገድ መሸሹ ነው። ኳስ ሲያሳድድ መዋል የሚወድ ልጅ «በል ሂድና ኳስ ተጫወት» ሲባል እምቢ ይላል። እየራበው «ብላ» ስለተባለ ብቻ ምግቡን የሚገፋ አለ።

ጎረቤት ለእንዲህ ያለው ልጅ ስም አያጣለትም፤ እልኸኛ፣ አመለኛ፣ የእናቱ ሞልቃቃ ይለዋል። እናቲቱም ከልጁ ጋር አብራ ትወቀሳለች። ጸበል የወሰደችው፣ የተቆጣችው፣ የለመነችው፣ የመታችው ሁሉ አልሠራም። ይህ እናትን ከሁሉ በላይ የሚሰብረው ነገር ነው፤ ምክንያቱም ልጁ አንዳንድ ቀን የታዘዘውን ያለ ምንም ችግር ይፈጽማል፤ ሰውም «ሲፈልግማ ይችላል» ብሎ ይፈርድባታል።

ይህን ባሕርይ ለይታ የጻፈችው በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ የነበረችው የሥነ ልቦና ባለሙያ ኤልሳቤጥ ኒውሰን ናት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ ኦቲዝም ይኖርባቸዋል ተብለው ከሚላኩላት ልጆች መካከል ከሌሎቹ ጋር የማይገጥሙ እንዳሉ አስተዋለች። ያወራሉ፤ ሰው ያጫውታሉ፤ ትዕዛዝን ለመሸሽም ይህንኑ የመግባባት ችሎታቸውን ይጠቀሙበታል። እ.ኤ.አ. በ2003 ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር በአንድ የሕፃናት ሕክምና መጽሔት ላይ ባሳተመችው ጽሑፍ ነገሩን ራሱን የቻለ መገለጫ አድርጋ አቀረበችው። ዛሬ ባለሙያዎች በእንግሊዝኛው ምሕፃረ ቃል ፒዲኤ ይሉታል።

ራሱን የቻለ የጤና ሁኔታ ነው ወይ በሚለው ላይ ግን ክርክር አለ። ጆናታን ግሪንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2018 በላንሴት የሕፃናትና የታዳጊዎች ጤና መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ ምልክቶቹ እውነተኛ መሆናቸውን ተቀብለው ለብቻው የቆመ ሕመም አይደለም ብለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብም፣ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያም በዚህ ስም አያውቁትም። ለአብርሃ ጅራ ወላጅ የዚህ ትርጉም ቀላል ነው። ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ሄዳችሁ ሐኪም ኦቲዝም ብሎ ሊጽፍላችሁ ይችላል፤ ፒዲኤ ብሎ እንዲጽፍላችሁ ግን አትጠብቁ። ልጁን ለመርዳትም ያ ወረቀት አያስፈልግም።

የሚያስፈልገው ከባሕርዩ ሥር ያለውን ማወቅ ነው። ይህን ባሕርይ ያጠኑ አብዛኞቹ ባለሙያዎች ከሥሩ ያለው ጭንቀት ነው ይላሉ። ትዕዛዝ ሲመጣ ልጁ ነገሩ ከእጁ እንደወጣ ይሰማዋል፤ ልቡ ይመታል፤ ሰውነቱ ለመሸሽ ወይም ለመደባደብ ይዘጋጃል። ወሬ መለወጡ፣ ሕመም ማመካኘቱ፣ ድመት መሆኑ ሁሉ ከዚያ ስሜት ማምለጫ ነው። ማምለጫው ሲዘጋበት ይፈነዳል። እንግዲህ አስቡት፦ በፍርሃት የተያዘን ልጅ አርጩሜ ይዞ መቅረብ ፍርሃቱን ያባብሰዋል እንጂ ትምህርት አይሆነውም። ሽልማትም ብዙ ጊዜ አይሠራም። «ይህን ገጽ ከጻፍክ ከረሜላ አለህ» ሲባል ልጁ የሚሰማው የተጨመረበትን ግዴታ ነው፤ ከረሜላውን እየፈለገ ይተወዋል። ለብዙ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች የሚበጀው በሥዕል የተዘጋጀ የቀን መርሐ ግብር እንኳ ለዚህ ልጅ በግድግዳ ላይ የተለጠፈ የትዕዛዝ ዝርዝር ሊሆንበት ይችላል።

በአገራችን የኦቲዝም ትምህርት ታሪክ የጀመረው ትምህርት ቤት ባጣ ልጅ ነው። በውበት ሙያ ማሠልጠኛቸው ይታወቁ የነበሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸው ጆጆ ከገባበት ትምህርት ቤት እየተባረረ ሲያስቸግራቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሠረቱ፤ በሥሩም ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ ከፈቱ። ልጆች አፍ እንዲፈቱ በፊደላችን ላይ ተመሥርተው አቡጊዳ ፎነቲክስ የተባለ የማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጁ። ቀጥሎ ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል በወላጆች ጥረት ተቋቋመ። ሁለቱም ለብዙ ቤተሰብ የሕይወት መስመር ናቸው። ሁለቱም አዲስ አበባ ናቸው፤ ከዚያ እስከ ጎንደር ብቻ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከጎንደር በሳንጃ አድርጎ አብርሃ ጅራ መድረስ ደግሞ ሌላ መንገድ ነው። ተራ የሚጠብቀው ልጅም ማዕከላት ከሚችሉት በላይ ነው።

ርቀቱን ተወጥቶ፣ ተራው ደርሶት ልጁን ማዕከል ለማስገባት የቻለ ወላጅም አንድ ነገር ይወቅ። ለኦቲዝም ተብሎ የተከፈተ ቦታ ሁሉ ትዕዛዝ ለሚሸሽ ልጅ ይስማማል ማለት አይደለም። ገንዘብና ባለሙያ በሞላበት አገር እንኳ ይህ አልተፈታም። በእንግሊዝ አገር የሚገኘው የፒዲኤ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ወላጆችን ሲጠይቅ፣ መረጃ ከተሰጠባቸው ልጆች ከ100ው 70 ያህሉ ወይ ትምህርት ቤት ያልተመዘገቡ ወይም መገኘት አዘውትሮ የሚያቅታቸው ነበሩ። እዚያ ልዩ ትምህርት ቤት አለ፤ ረዳት መምህር አለ፤ ወላጅ የፈለገውን ትምህርት ቤት በሰነድ የሚጠይቅበት ሕግም አለ። ስለዚህ የአብርሃ ጅራ እናት ልጇ ትምህርት ቤት አልቆይ ስላለ የአገሯን ድህነት ብቻ ምክንያት አታድርግ፤ ችግሩ ትምህርት ቤት ከተባለው ነገር አሠራር ጋር የተያያዘ ነው።

ያንን አሠራር በአንድ ጧት እንየው። ልጁ ገና ከቤት ሳይወጣ ዩኒፎርም ልበስ ይባላል። በር ላይ ዘበኛው ቶሎ ግባ ይለዋል። ደወል ይደወላል፤ ተሰለፍ ይባላል፤ እጅህን ከፊትህ ያለው ትከሻ ላይ አድርገህ ርቀትህን ጠብቅ ይባላል። ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ቀጥ ብለህ ቁም፣ ዘምር ይባላል። ክፍል ሲገባ መምህሩ ሲመጡ ተነሥ፣ ሰላምታ ስጥ፣ ተቀመጥ ይባላል። ደብተር አውጣ፣ ቀን ጻፍ፣ ከሰሌዳው ገልብጥ፣ እኔን ተከትለህ ጮክ ብለህ በል፣ ቡድንህን ተቀላቀል፣ የቤት ሥራህን አሳይ። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሳያልቅ ልጁ ላይ የወረደው ትዕዛዝ ብዛት ይህን ያህል ነው፤ አብዛኛውም ከፊደልና ከቁጥር ጋር ግንኙነት የለውም። ልጁ ያለውን አቅም ሁሉ በሰልፉ ላይ ጨርሶ ትምህርቱ ሲጀመር ባዶውን ይቀመጣል። ብዙ መምህራን «ይህ ልጅ መማር አይፈልግም» የሚሉት በዚያ ሰዓት ያገኙትን ልጅ ነው።

ስለዚህ ወላጅ ወደ ትምህርት ቤቱ ሲሄድ የሚያጣራው ሕንፃውን አይደለም። ልጁን ሳይዝ፣ ከምዝገባ ግርግር ቀደም ብሎ ይሂድ፤ በታችኛው ክፍል አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት የሚሰጥበት ክፍል ካለ ያንን ይጠይቅ። ሰው ሲበዛ የሚለዋወጠው ትዕዛዝም ይበዛል። ከዚያ መምህሯን ቀርቦ አንድ ጥያቄ ይጠይቃት፦ «መምህርት፣ አንድ ልጅ አልጽፍም ቢልሽ ምን ታደርጊያለሽ?» መልሷ ብዙ ይነግረዋል። «እኔ ጋ ሥርዓት ይይዛል» የምትል መምህርት ለሌላው ልጅ ጎበዝ ልትሆን ትችላለች፤ ለዚህኛው ግን አትሆንም። «ለምን እንዳልፈለገ አያለሁ፤ እርሳስ የለው ይሆናል፤ ትንሽ ልተወው እችላለሁ» የምትለው ልዩ ሥልጠና ባይኖራትም ተገኘች ማለት ነው። እኔ ዲግሪ ካላት ቁጡ መምህርት ይልቅ ይህችን እመርጣለሁ። ርእሰ መምህሩ «እንዲህ ያለ ልጅ እኛ ጋ ኖሮ አያውቅም» ካሉ ደግሞ በትሕትና ሊነገራቸው የሚገባ ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከ127 ሰዎች አንዱ ገደማ ኦቲዝም እንደነበረበት ይገምታል። መቶዎች በሚማሩበት ግቢ ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ አልፎ ያውቃል፤ ምናልባት አቋርጦ የሄደው እሱ ነበር።

በትር ካለ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ይህ የአስተዳደግ አመለካከት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳለው ደንግጓል። ሕጉ ለልጆች ሁሉ ነው። ትዕዛዝ የሚሸሸው ልጅ ግን አንዴ ከተመታ ያንን ክፍል፣ ያንን መምህር፣ አንዳንዴም ያንን መንገድ ከዚያ በኋላ አይደፍርም።

መምህሯ ከተገኘች በኋላ የሚለወጠው አነጋገር ነው። «ጻፍ» ከማለት እርሳሱንና ደብተሩን አጠገቡ አስቀምጦ ለራስ እንደሚናገሩ ሆኖ «ይህ ‹ማ› እግሩ ወዴት እንደነበር ጠፋኝ» ማለት ይቻላል። ልጁ ማረም ይወዳል፤ እርሳሱን አንሥቶ ያሳያል። «ቁጭ በል» ከማለት «እዚህም ጥላ አለ፣ እዚያ በሩ ጋም ነፋስ አለ» ብሎ ዘወር ማለት ይቻላል። እናትም ቤት ውስጥ «የኔ ጌታ፣ እኔ ጫማዬን አድርጌ በር ላይ ነኝ» ብላ ወጣ ብትል አሥር ጊዜ ከመጥራት ይሻላል። ዋናው ነገር ለልጁ የሚወስነው ነገርና የሚወስንበት ጊዜ መተው ነው። ከተናገሩ በኋላ ዝም ማለት ለአዋቂ ይከብዳል፤ እኛ አገር በተለይ ልጅ ወዲያው ካልታዘዘ የተናቅን ይመስለናል። ዝምታው ግን ልጁ ፍርሃቱን አሸንፎ የሚመለስበት ጊዜ ነው። በርግጥ የማይደራደሩበት ነገር ይኖራል፤ መኪና የሚበዛበት አስፋልት ላይ አይሮጥም፤ ሌላ ልጅ አይመታም። እነዚህ ጥቂት ሲሆኑ ልጁ ሊቀበላቸው ይችላል። ሁሉም ነገር ግዴታ ሲሆን አንዱንም አይቀበልም።

ልጁን በራሱ ልክ የሚያስኬድ አሠራር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤት ልጆች ሁሉ አንድ ገጽ ላይ እንዲገኙ አይጠበቅም። አንዱ ሀሁ ላይ ነው፤ አንዱ አቡጊዳ ላይ፤ ሌላው መልእክተ ዮሐንስ፤ ሌላው ዳዊት ይደግማል። የኔታ አንድ በአንድ እየጠሩ ያስቀጽላሉ፤ ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ያስጠናል። በቁርአን ቤትም ልጁ የራሱን ሉህ ይዞ በራሱ ልክ ይሄዳል። አርጩሜውን ሳላወድስ፣ እያንዳንዱን ልጅ በራሱ ፍጥነት የማስኬዱን ልማድ ግን ከልቤ አደንቃለሁ። ከፍ ያለ ልጅ ታናሹን ማስጠናቱ በተለይ ለዚህ ልጅ ይጠቅማል፤ ከአዋቂ የመጣውን ቃል የሚሸሽ ልጅ ከሌላ ልጅ ሲሰማው ብዙ ጊዜ አይከብደውም። ዘመናዊው ክፍል ይህን መልሶ እንዳይወስድ የሚከለክለው ደንብ የለም።

ቆላው የራሱ የሆነ ነገር ይጨምራል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለው ሙቀት በቆርቆሮ ሥር ለተቀመጠ ልጅ ሁሉ ከባድ ነው፤ የስሜት ሕዋሱ ለሚያስቸግረው ልጅ ደግሞ እንደ ሥቃይ ነው። በክረምት መግቢያና መውጫ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መምህር አይሰማም፤ እሱም ጆሮውን ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ትምህርት በፈረቃ ከሆነ የጧቱ ፈረቃ ይጠየቅ፤ ግማሽ ቀን መሆኑ ራሱ ለዚህ ልጅ ጸጋ ነው። መቀመጫው በሩ አጠገብ ይሁን፤ መውጣት እንደሚችል ያወቀ ልጅ ብዙ ጊዜ አይወጣም። ግቢው ውስጥ አንድ ዛፍ ይታወቅለት፤ ሲጨንቀው ማንንም ሳያስፈቅድ ሄዶ የሚቀመጥበት ይሁን።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ወባና ካላዛር ባሉበት አገር ልጁ በድንገት ሁሉን እምቢ ማለት ከጀመረ ባሕርዩ ነው ብላችሁ አትለፉት። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ሕመሙን ሁልጊዜ በቃል አይናገርም። ትኩሳት ካለው የወባ ምርመራ ይደረግለት፤ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ከከሳ፣ ሆዱ በግራ በኩል ካበጠ የካላዛር ምርመራ ይጠየቅ። ጆሮውም ይታይ።

መምህራን የሚያነሡት ተቃውሞ መልስ ይገባዋል። «እሱን ከሰልፍ ካስቀረሁት ሌሎቹም ይጠይቁኛል፤ ክፍሌ ውስጥ ያለው ተማሪ ብዙ ነው» ይላሉ። ድካማቸው እውነት ነው፤ ይህን ሁሉ ያለ ረዳት መጠየቅ ከባድ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ዓይኑ ለደከመ ልጅ መነጽር ሲፈቀድ ሌሎቹ መነጽር ካልሰጣችሁን ብለው አያምፁም። ልጆች ምክንያቱ በግልጽ ከተነገራቸው ይቀበላሉ፤ ብዙ ጊዜም ከአዋቂ ቀድመው ይረዳሉ። ደግሞም ልጁ በየቀኑ ሲፈነዳ ከሚባክነው ጊዜ፣ ከሰልፍ ሲቀር የሚጠፋው በጣም ያነሰ ነው።

ጎንደር ዘመድ ቤት መላክን በተመለከተ ፍርዴ ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ እዚሁ ይሞከር። ልጁ የሚያምነው ሰው ከማንኛውም የተሻለ ክፍል ይበልጥበታል፤ በማያውቀው ቤት፣ በማያውቀው ሰው ትዕዛዝ ሥር ሲውል ጭንቀቱ ይበረታል። ጎንደር የሚጠቅመው ለሌላ ነገር ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ ዩኒቨርሲቲው ኅብረተሰብን መሠረት ያደረገ የተሃድሶ ፕሮግራም ሲያካሂድ ቆይቷል፤ በአገሪቱ የመጀመሪያውን የኦኩፔሽናል ቴራፒ የዲግሪ ትምህርትም የከፈተው እሱ ነው። ይህ ሙያ ልጁ በዕለት ኑሮው የሚቸገርባቸውን ነገሮች፣ ልብስ መልበስን፣ መብላትን፣ ድምፅ መቋቋምን የሚያግዝ ነው። ልጁን አሳይቶ፣ ምክርና ወረቀት ይዞ መመለስ ይበቃል። ወረዳው ላይም የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ጉዳይን የሚከታተል ባለሙያ ካለው ስሙን አውቆ በአካል ማነጋገር ይገባል።

ጦርነት የነካው አካባቢ ላይ መሆናችንንም አንርሳ። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ሱዳን ውስጥ በተነሣው ጦርነት ሰው በመተማ በኩል ገባ፤ ከዚያው ዓመት ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በአማራ ባለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ቤት መዋል ለዚህ ልጅ እፎይታ ሆኖት ሊሆን ይችላል፤ መመለሱ ግን እጥፍ ይከብደዋል። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ሙሉ ጧት አይጠበቅበት። መጀመሪያ ግቢው ባዶ ሲሆን በማታ ገብቶ ዛፉን ይይ፤ ከዚያ መምህሯን ይተዋወቅ፤ ከዚያ አንድ ክፍለ ጊዜ። የማይቻልበት ወር ከመጣም ቤት ሆኖ ሚዛን ላይ ሰሊጥ እያስመዘኑ ቁጥር ማስተማር ትምህርት ነው። ያንን ወር እንደ ሽንፈት የሚቆጥር ወላጅ ራሱን ያለ አግባብ ይጎዳል።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ ስምምነቱ በአንቀጽ 24 ልጁ ከሌሎች ጋር እኩል፣ የሚያስፈልገው ማስተካከያ ተደርጎለት የመማር መብት ይሰጠዋል። ይህን የሚያነቡት ርእሰ መምህር ከሆኑ ልጁን ከሰልፍ ለማስቀረት፣ በሩ አጠገብ ለማስቀመጥ፣ ለስለስ ያለችውን መምህርት ለመመደብ ከክልልም ከዞንም ደብዳቤ መጠበቅ አያስፈልግዎትም። እናቱ በምዝገባው ወረፋ መጨረሻ ላይ ቆማ ያገኟት ይሆናል። ጠርተው ያነጋግሯት፤ ልጁንም ይመዝግቡት።